የሚያይ እጅ

እናቴ ጉልበቴን እያጠበችልኝ ነበር። በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጬ እግሬን ሳፋ ውስጥ ነክሬያለሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠጠር ላይ ወድቄ ነበርና ቁስሉ ውስጥ የገባውን አሸዋ በለብ ባለ ውሃ ቀስ እያለች ታወጣልኛለች። ሕመሙን ለማስረሳት እንደ ልማዷ ትቀልድብኛለች፤ መንገዱ ምን ቢበድልሽ ነው በጉልበትሽ የመታሽው ትለኛለች። እኔም መሳቅ ጀምሬ ነበር። ድንገት ቁስሉ እንደገና ደማ። አንዲት ቀጭን የደም መስመር በቅልጥሜ ላይ ወርዳ ወደ ጣቶቿ ተጠጋች። እናቴ እሳት እንደነካው ሰው እጇን ሰበሰበች።

ተነስታ ወደ ቤት ገባች። ስትመለስ ሁለት እጆቿን ወለል የምትወለውልበት ቢጫ የጎማ ጓንት ውስጥ ከታቸዋለች።

«እማዬ፣ ጓንቱ ለምንድን ነው?» አልኳት።

«ዝም ብለሽ እግርሽን ዘርጊ።»

ሳቋ ጠፍቷል። በጎማው ስትነካኝ ቆዳዬ የሌላ ሰው ቆዳ ሆነብኝ። አጥባኝ ስትጨርስ የሳፋው ውሃ ላይ በረኪና ገልብጣ ደፋችው። ከዚያ እኔ የተቀመጥኩበትን ደረጃ በብሩሽ ፈተገችው፤ ሌላውን አልነካችውም።

ዛሬ ነገሩን አውቀዋለሁ። የእናቴ ጣቶች በሙቅ ውሃና በበረኪና ብዛት ተሰነጣጥቀው ነበር፤ ከስንጥቁም አንዳንዴ ደም ይወጣል። የፈራችው የራሷን ደም ነው፤ ወደ ቁስሌ እንዳይገባ። በዚያው ሳምንት ሐኪም ጠርቷት ጉበቷ ውስጥ ቫይረስ እንዳለ ነግሯታል። እኔ ግን ያየሁት እናቴ ከኔ ደም ስትሸሽ ነበር። ደሜ ውስጥ አንድ ክፉ ነገር አለ፣ እናቴም አውቃዋለች፣ ልትነግረኝ ግን አንጀቷ አልቻለም ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ ቀን በኋላ ቤታችን ውስጥ ዕቃ ሁሉ ይለያይ ጀመር። እቤት የነበርነው እናቴ፣ እትዬ የምላት ታላቅ እህቷና እኔ ነን። ሦስታችን አንድ ፎጣ ነበረን፤ ሦስት ሆነ። ሦስታችን የምንጠቀምበት የጥፍር መቁረጫ በጨርቅ ተጠቅልሎ እጄ የማይደርስበት ቁምሳጥን አናት ላይ ወጣ። የጥርስ ብሩሼ ለብቻው በሌላ መስኮት ተቀመጠ። ኩባያዬ ላይ ደግሞ እናቴ ቀይ ክር አሰረችበት። እትዬ በኩባያ አይተላለፍም ብለውሻል እኮ፣ ምን አስጨነቀሽ ስትላት እናቴ፣ እኔ ልጄን በይሆናል አላሳድግም ብላ አፏን አስያዘቻት። እኔ የሰማሁት «አይተላለፍም» የሚለውን ብቻ ነው። የሚተላለፍ ነገር እንዳለ፣ ክሩ ያለውም በኔ ኩባያ ላይ እንደሆነ ገባኝ።

አንድ ቀን እትዬ ከትምህርት ቤት አስቀርታ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ነርሷ ከክንዴ ደም ቀዳች። ብልቃጡ ሲሞላ አየሁት፤ እንደጠበቅኩት ጥቁር ነው ማለት ይቻላል። ነርሷ ልጅቷን ቶሎ ማምጣታችሁ ጥሩ ነው አለች፤ እትዬም እናቷ እንቅልፍ አጥታለች ብላ መለሰች። በሌላ ቀን ተመልሰን ስንሄድ ወረቀት አይተው ሁለቱም ወደኔ ዞሩ፤ ነርሷ ትከሻዬን ወጋችኝ። ሌላም ይቀራታል፣ እንዳትረሱ አለች።

ወደ ቤት ስንመለስ እትዬ ብስኩት ገዛችልኝ። አውቶቡስ ውስጥ መስኮቱን ለቀቀችልኝ። ደብተሬን ተሸከመችልኝ። እትዬ ዳቦ ቤት የምትሠራ፣ ቁጡ፣ ከንፈሯን ነክሳ የምትኖር ሴት ናት፤ ያለ ምክንያት ደግ ስትሆን አይቻት አላውቅም። የታመመ ሰው ግን ሁሉም እንደሚያዝንለት አውቃለሁ። ብስኩቱ አፌ ውስጥ እንደ አሸዋ ሆነብኝ። ይህን ያህል ደግ ከሆነችልኝማ ልሞት ነው አልኩ በልቤ።

ያ የእትዬ ደግነት ደስታ እንደነበር የነገረችኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ወረቀቱ ደሜ ንጹሕ መሆኑን ነበር የሚለው። የተወጋሁትም ክትባት ነው። ዳቦ ቤቱ ውስጥ ሰው እስኪታዘባት ድረስ ስታንጎራጉር እንደዋለችም ነግራኛለች።

እናቴ ሆስፒታል ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ሠራተኛ ነበረች። ከዚያ ሁሉ በፊት ትምህርት ሲዘጋ ይዛኝ ትሄድ ነበር። ክፍሉ ምድር ቤት ነው። ጣሪያው ላይ ቧንቧ ተጠላልፏል፤ እንፋሎቱ ሲለቀቅ ሰው ከወገቡ በላይ አይታይም። ማሽኖቹ ስለሚጮኹ ሁሉም በጩኸት ነው የሚያወራው። አንደኛዋ ሠራተኛ ከመጮህ ብዛት ዝግ ብላ መናገር ረስታለች፤ ምስጢር ስታወራ መንገድ ማዶ ይሰማል። ስለዚህ ሹክሹክታ ይሏታል። አለቃቸው ደግሞ ከመታየቱ በፊት ትንፋሹ ሲፍ ሲፍ ሲል ስለሚሰማ በሌለበት እንፋሎት ነው የሚሉት፤ ፊት ለፊቱ ግን ጋሼ ይሉታል።

አንሶላዎቹ በጋሪ ተቆልለው ከየዋርዱ ይወርዳሉ። ወደ ማሽን ከመግባታቸው በፊት አንዲት ሴት አንድ በአንድ ዘርግታ ትዳብሳቸዋለች። አንሶላ ውስጥ የማይገኝ ነገር የለም። የሰው ሰራሽ ጥርስ አግኝተው ባለቤቱን ሲፈልጉ፣ ሰውየው ጥርሱን ከፍቶ «የኔ ነው» ማለት ስላልቻለ ሳይረከብ ቀረ ብላ ሹክሹክታ አስቃኛለች። ዋናው የሚፈለገው ግን መርፌ ነው። አንድ ነርስ ቸኩላ አልጋ ላይ የረሳችው መርፌ አብሮ ተጠቅልሎ ይመጣል። ካለፈ ወይ የማሽኑን ጎማ ይቀድዳል፣ ወይ ከወዲያ በኩል አንሶላ የምታጥፈዋን ሴት ይወጋል።

ጓንት ነበራቸው። ወፍራም ነው፤ እስከ ክርን ይደርሳል። በሱ ግን መርፌ አይዳሰስም። ስለዚህ ዳባሿ የግራ እጇን ጓንት ታወልቃለች። በቀኟ ትገልጣለች፣ በግራዋ ትዳብሳለች። እናቴ ይህን ሥራ ከሁሉም ታውቅበታለች። የሷ እጅ ያያል ይሏት ነበር። በየተራ መዳበሱ ቀርቶ ቦታው የሷ ሆነ። እኔ የቆሻሻ አንሶላ ክምር አጠገብ ባልዲ ገልብጬ ተቀምጬ ያንን ባዶ እጅ አያለሁ፤ ከውሃ ብዛት ነጥቷል፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ድንገት ይቆማል። «ይኸው» ትላለች። እኔ ደግሞ ልቤ በኩራት ይሞላል።

አንድ ቀን ግን ሳይቆም ቀርቷል። እጇ መርፌውን ያየው ከተወጋ በኋላ ነው። ጣቷን ጨምቃ አጥባ ሥራዋን ቀጠለች። ሁሉም ተወግተው ያውቃሉ፤ ማንም ሄዶ አላስመዘገበም። ይህን ያኔ አላወቅኩም፤ ማንም ለልጅ የሚነግረው ነገር አይደለም።

በዚያ ዓመት የእናቴ ዓይን ነጩ ቢጫ እየሆነ መጣ። ከሥራ ስትመጣ ከነደንብ ልብሷ አልጋው ላይ ትወድቃለች። ቆዳዋን ታክካለች፤ እግሯ ያብጣል። ምግብ ሲሸታት ፊቷን ታዞራለች። እኔ ደግሞ ዕለት ዕለት መስታወት ፊት ቆሜ ዓይኔን በጣቴ እየገለጥኩ አየዋለሁ። ነጭ ነው። ይህ አላጽናናኝም፤ ግራ አጋባኝ እንጂ። የታመምኩት እኔ ነኝ፣ እሷ የምትከሳው ለምንድን ነው?

መልሱን ያገኘሁት ከሹክሹክታ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ብርቱካን ይዛ ልትጠይቅ መጣች። እትዬ ወደ ጓሮ ሂጂ አለችኝ፤ ሄድኩ፣ በወጥ ቤቱ በኩል ተመልሼ ከበሩ ኋላ ቁጢጥ አልኩ። ሹክሹክታ ሹክ ስትል እንደ ሬዲዮ ይሰማል። ሆስፒታሉ እናቴን ቦርድ ፊት ጠርቷታል፤ ሐኪሞቹ በሽታው ከሥራዋ የመጣ መሆን አለመሆኑን ሊወስኑ ነው። ከሥራ ነው ካሉ ሆስፒታሉ ያሳክማታል። አይደለም ካሉ ደግሞ ቦርሳዋን ይዛ ትወጣለች፤ ሕክምናውም የራሷ ዕዳ ይሆናል፤ የምትችለው ደግሞ አይደለም። ይህንን ሁሉ ሰማሁ፤ ግማሹ አልገባኝም። የገባኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።

«የሚሉሽን ልንገርሽ» አለች ሹክሹክታ፣ «ጓንትሽን ባታወልቂ ኖሮ አይዝሽም ነበር ነው የሚሉሽ። በገዛ እጅሽ ነው ሊሉሽ ነው።»

እትዬ ካልታከመችስ ብላ ጠየቀች። ሹክሹክታ መለሰች፤ ግን ሳውቃት ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ አልተሰማኝም። በሩ ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ። ምንም የለም። እንጨቱ ብቻ ጆሮዬን ያቀዘቅዘዋል።

ጓንቷን አውልቃ የነካችው ምን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። ባለፈው ክረምት ነስር ይዞኝ ነበር። እናቴ ጭኗ ላይ አስተኝታኝ አፍንጫዬን በባዶ እጇ ይዛ ቆየች፤ ደሙ በጣቶቿ መሃል ወርዶ እጅጌዋ ውስጥ ገባ። አስታወስኩት፤ ሙቀቱ ሳይቀር። ያኔ ጓንት አላደረገችም። እንግዲህ ከኔ ወደሷ የሄደው ያን ቀን ነው። እናቴን እየገደልኳት ያለሁት እኔ ነኝ።

ልጅ ሲፈራ የሚያለቅስ ይመስለን ይሆናል። እኔ ሥራ ነው የጀመርኩት። ምሳዬን በር ላይ ቆሜ እበላለሁ። እናቴ በምትቀመጥበት ወንበር አልቀመጥም። ስታወራኝ ትንፋሼን እይዛለሁ። የእትዬን ወፍራም ካልሲ ሰርቄ እቤት ስሆን እጆቼ ላይ አጠልቀዋለሁ። እናቴ ልትስመኝ ስትጎነበስ በክንዷ ሥር ሾልኬ እሮጣለሁ። ክንዷ እንደተዘረጋ ትንሽ ይቆያል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ይወርዳል።

እትዬ አንድ ቀን ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። «አንቺ፣ እናትሽን ነው የምትጸየፊው?» አለችኝ።

እናቴ ከአልጋዋ ሆና፣ «ተያት እታለም» አለቻት። «ልጅ ናት። ሰምታ ይሆናል።»

ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረች። ሰምታ ይሆናል ማለቷ አጥንቴ ድረስ ገባ። እንግዲህ እንደማውቅ አወቀች፤ ፊቷን ያዞረችውም ገዳይዋን ላለማየት ነው ብዬ አመንኩ። በአንድ ክፍል ውስጥ ሆነን፣ እሷ እኔን ላለማስፈራት፣ እኔ እሷን ላለመግደል፣ እየተሸሻሸን ሰነበትን።

የቦርዱ ቀን እትዬ ሥራ ስለነበረባት፣ እናቴን ደግፌ የሄድኩት እኔ ነኝ። መደገፍ ቢባልም ቦርሳዋን ይዤ ከኋላዋ መከተል ነው። ካልሲዎቹን እጆቼ ላይ አድርጌያለሁ። እናቴ አየቻቸው፣ ዓይኗን ወደ መንገዱ መለሰች። እያረፈች ትሄዳለች፤ የመብራት ምሰሶ ባገኘች ቁጥር ይዛው ትቆማለች፣ እኔም ከሷ ራቅ ብዬ እቆማለሁ። የሚያልፉ ሰዎች አንድ ላይ የመጣን አልመሰልናቸውም።

ኮሪደሩ እስከ ትከሻ ድረስ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ስንደርስ በሩ ተከፍቶ የልብስ ማጠቢያው አለቃ ወጣ። እናቴን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ፤ አግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ ወለሉን ማየት ጀመረ። ትንፋሹ ብቻ ሲፍ ሲፍ ይላል። ሄዶ እንዳሳበቀባት ከፊቱ አነበብኩ። እንደዚያ ቀን ሰው ጠልቼ አላውቅም።

እናቴን ጠሯት። በሩ ደህና አይገጥምም ነበር፤ በስንጥቁ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንዶችና አንዲት መነጽር ያደረገች ሐኪም ይታዩኛል። አንደኛው ሰውዬ ጓንት ተሰጥቶሽ ነበር ወይ አላት። ተሰጥቶኛል አለች። የሚቀደድ ነበር ወይ አላት። ደህና ነበር አለች። ድምጿ የትምህርት ቤት ልጅ ድምፅ ሆኗል። እኔ ቦርሳውን ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዣለሁ።

«ታዲያ ለምን አወለቅሽው?» አላት።

እናቴ ለመመለስ ትንፋሽ ስትስብ በሩን ገፋሁት።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ሁሉም ዞሩ። ያሰብኩት ንግግር ነበረኝ፤ ጠፋብኝ። «እኔ ነኝ ያስያዝኳት። ነስር ሲይዘኝ ደሜን ጓንት ሳታደርግ ነካችው። እሷ ምንም አላጠፋችም። አሳክሟት፣ የታመምኩት እኔ ነኝ።»

ሰውዬው ልጅቷን አስወጡልን ሊል እጁን አነሳ። መነጽር ያደረገችው ሐኪም ክንዱን ነካ አደረገችው። እናቴ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ወደኔ ዞራ ስታየኝ ቆየች፤ መጀመሪያ ፊቴን፣ ከዚያ እጆቼን።

«ካልሲውን ያደረግሽው» አለች፣ ቃሉ እየተቆራረጠባት፣ «እንዳልነካሽ አይደለም?»

«እንዳትታመሚ ነው።»

እናቴ ያን ጊዜ ያወጣችውን ድምፅ ልገልጸው አልችልም። ልቅሶም ሳቅም አይደለም። ጎትታ ጉልበቷ መሃል አስገባችኝ። እየታገልኳት፣ እየጮህኩባት፣ ልቀቂኝ ትሞቻለሽ እያልኳት፣ ካልሲዎቹን አንድ በአንድ መዥርጣ አወለቀቻቸው። ከዚያ ሁለት እጆቼን ይዛ ጉንጮቿ ላይ ለጠፈቻቸው። ፊቷ ትኩስ ነበር። ያን ጊዜ ትንፋሼን ያዝኩ፤ ሐኪሟ ከወንበሯ ተነስታ አጠገባችን ቁጢጥ እስክትልና፣ «ተንፍሺ የኔ ልጅ፣ አንቺ ደህና ነሽ፣ ካንቺ ወደሷ አልሄደም፣ ከሷም ወዳንቺ አልመጣም» እስክትለኝ ድረስ።

ለብዙ ዓመታት ቦርዱን ያሸነፍኩት እኔ ይመስለኝ ነበር። በሽታው ከሥራዋ ነው ብለው ሲፈርሙላት በንግግሬ ልባቸው ተነክቶ ነው ብዬ ኖርኩ። ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ሹክሹክታ ነገሩን አስተካከለችልኝ፤ ያኔ ጡረታ ወጥታለች፣ ድምጿ ግን እንዳለ ነው። እንፋሎት ያን ጠዋት ከኛ ቀድሞ ገብቶ፣ ጓንት እንዲያወልቁ ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ ማሽን እንዳይበላሽ ብዬ ነው ብሎ ቃሉን ሰጥቷል። አብሯት መውደቅን መርጦ ነው የገባው። አግዳሚው ላይ ወለሉን ያይ የነበረው ሰው አላሳበቀም፤ እናቴን ለዚያ ያበቃው የራሱ ትእዛዝ መሆኑን ያወቀ ሰው ነበር። በሩን ስገፋ ነገሩ ካለቀ ቆይቷል። እናቴን የጠየቋት ለማረጋገጥ ብቻ ነው።

ሆስፒታሉ አሳከማት። ወደ ምድር ቤቱ ግን አልተመለሰችም፤ ወደ ሌላም ሥራ። አንድ ባልዲ ውሃ ከቧንቧው እስከ በረንዳው ማድረስ ከአቅሟ በላይ ሆኖ ቀረ። ትንሽ ትሠራለች፣ ትተኛለች። ክኒኑን ሳታቋርጥ ትውጣለች። ከተነገረን በላይ ኖራለች። እኔም በየዓመቱ ደሟ በተቀዳ ቁጥር ወረቀቱ እስኪመጣ ትንፋሼን መያዝ አልተውኩም።

የቦርዱ ቀን ከሰዓት እቤት ስንደርስ እናቴ ልብሷን ሳትቀይር መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ወንበሯ ፊት ትራስ ጣለችና ነይ አለችኝ። ላስነካት ስላልፈቀድኩ ፀጉሬ ከተበጠረ ሰንብቷል፤ ተያይዞ ጭብጥ ጭብጥ ሆኗል። ማበጠሪያውን ይዛ ከጫፉ ጀመረች። እያበጠረች በሽታው ከየት እንደመጣ፣ በምን እንደሚተላለፍና በምን እንደማይተላለፍ ቀስ ብላ ነገረችኝ። በመሳም አይደለም አለች፣ በመተቃቀፍም፣ በማበጠርም አይደለም። ሰማኋት። ማመን ግን እንደ ፀጉሬ ነው፤ ከጫፍ ተጀምሮ ወደ ሥሩ ቀስ እያለ ነው የሚሄደው።

«ትሞቻለሽ?» አልኳት።

ማበጠሪያው ቆመ። «ይሄን ጉድ ሳልጨርስ የትም አልሄድም» አለችኝ፤ መልሳም ቀጠለች።

ይህን ስትለኝ ሌላ ፍርሃት መጣብኝ። ራሴን እያዘነበልኩ አስቸግራት ጀመር፤ ይህኛው አልተፈታም እላታለሁ፣ እንደገና ፍቺው እላታለሁ። አወቀችብኝ። የፈታችውን መልሳ ፈታችልኝ፣ የጎነጎነችውን አፍርሳ ጎነጎነችልኝ። ከመንገድ በኩል እትዬ ከዳቦ ቤት ስትመለስ የጫማዋ ድምፅ ተሰማ።

እናቴ የመጨረሻውን ጉንጉን ጫፍ በክር አሰረች። ማበጠሪያው ላይ የቀረውን ፀጉር ለቅማ ጠቀለለች፣ ማበጠሪያውንም መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። ከወንበሯ ግን አልተነሳችም።